መዝሙሩ ሰልፉን አጀበው ወይስ አሰለፈው?

ዋናው ጽሑፍ

የጥቁሮችን የነፃነት ትግል ታሪክ ስናነብ ስለ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች፣ ስለ ሕጎች፣ ስለ ሰልፎችና ስለ መሪዎች ብዙ ይነገረናል፤ መዝሙሩ፣ ሥዕሉና ጸሎቱ ግን በትረካው ዳር ቆመው ሌላውን ሲያጅቡ ብቻ እናያቸዋለን። ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት ነገሩ የተገላቢጦሽ ስለሚመስለኝ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአላባማ ግዛት፣ በሞንትጎመሪ ከተማ፣ ጥቁሮች የዘር መለያየቱን በመቃወም በአውቶቡስ አንሳፈርም ያሉበትን አድማ እንውሰድ። ዲሴምበር 5 ቀን 1955 ምሽት ሺዎች የተሰበሰቡት በሆልት ስትሪት ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ስብሰባውም የተከፈተው በመዝሙርና በጸሎት ነው። አድማው 381 ቀናት ሲዘልቅ ሠራተኞችን ከቤት ወደ ሥራ ካመላለሱት መኪኖች አንዳንዶቹ የተመዘገቡት በአብያተ ክርስቲያናት ስም ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ጥቁሩ ሕዝብ የራሴ የሚለው አዳራሽ ነበር፤ ሰባኪውም ደመወዙን የሚያገኘው ከምእመኑ ስለሆነ እንደ መምህሩ ወይም እንደ ቤት ሠራተኛዋ በነጭ አሠሪ ሊባረር አይችልም።

ሁለተኛው ማስረጃዬ የመዝሙሩ ቃል ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ «እናሸንፋለን» ተብሎ የሚታወቀው መዝሙር በ1945 በቻርልስተን፣ ሳውዝ ካሮላይና፣ በጀመረ የትምባሆ ፋብሪካ አድማ ላይ ተዘምሯል። ከዚያ በፊት የነበረው የቤተ ክርስቲያን ቃል «እኔ» የሚል ነበር፤ አድማ የመቱት ሠራተኞች፣ በተለይም ጥቁር ሴቶቹ፣ «እኛ» ብለው ዘመሩት። የአንድ ሰው ጸሎት የብዙዎች ጥያቄ የሆነው በዚህች አንዲት ቃል ለውጥ ይመስለኛል። ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ሃይማኖቱና ጥበቡ ትግሉን አጀቡት ወይስ ራሳቸው ትግሉን አቆሙት? ከዚህ በታች የተሰጡትን ምላሾች በተራቸው አስፍሬአለሁ።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው ተሳታፊ በሐሳቤ ተስማምተው፣ መዝሙሩ ከሰልፉ ብቻ ሳይሆን ከቤተ ክርስቲያኑ ሕንጻም በፊት የነበረ መሆኑን አስታወሱ። በባርነት ዘመን ሰዎች ማታ ማታ ከጌቶቻቸው ዓይን ርቀው በጫካ ይሰበሰቡ ነበር። መሪው ስንኙን ያወጣል፣ የቀሩት ይቀበላሉ። በብዙዎቹ የደቡብ ግዛቶች ባሪያን ማንበብ ማስተማር በሕግ በተከለከለበት ዘመን፣ መጽሐፍ የማይጠይቅ አምልኮ ማለት ማንም ሊነጥቀው የማይችል አምልኮ ነበር ሲሉ አብራርተዋል።

ምላሽ 2 እና 3

ሁለተኛው ተሳታፊ እነዚህን መዝሙሮች ለመረዳት የአማርኛ አንባቢ ከሌላው የተሻለ ዕድል አለው አሉ፤ ሰምና ወርቅን ከልጅነቱ ያውቃልና። ሰሙ ከነዓን ነው፣ ወርቁ ባርነት የሌለበት የአሜሪካ ሰሜን፤ ሰሙ የፈርዖን ግብፅ ነው፣ ወርቁ የጥጥ እርሻው። ለዚህም ከባርነት ያመለጠውን ፍሬደሪክ ዳግላስን ጠቀሱ፤ እርሱ በ1855 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ከነዓንን እያነሡ ሲዘምሩ ሰሜንን ያስቡ እንደነበር በግልጽ ጽፏል።

ሦስተኛዋ ተሳታፊ ይህን ሳይክዱ ልክ አበጁለት። እያንዳንዱን መዝሙር ምስጢራዊ የማምለጫ ካርታ አድርጎ የማቅረቡ ልማድ በኋላ ዘመን የተስፋፋ መሆኑን፣ በዘመኑ የተጻፈ ማስረጃውም ጥቂት መሆኑን ገለጹ። ይልቁንም እዚያው ዳግላስ በ1845 የጻፈውን እንድናነብ መከሩ። ባሪያው ሲዘምር ሰምተው ደስተኛ ነው ብለው ለሚደመድሙ ሰዎች ዳግላስ የመለሰላቸው፣ እነዚያ ዜማዎች የልብ ሐዘን መሆናቸውን ነው። ሰምና ወርቅ ፈላጊው ምስጢሩን ሲቆፍር እንባውን እንዳይረግጥ ያሳሰቡበት መንገድ ልቤን ነክቶታል።

ምላሽ 4

በዚህ ክር ውስጥ አስተሳሰቤን ከሁሉ በላይ የለወጠው ይህ ምላሽ ነው። ጸሐፊዋ ስለ «እኔ» እና ስለ «እኛ» የጻፍኩትን በትሕትና፣ ነገር ግን ከሥሩ ነቀሉት። በ1962 ከተቋቋመው የነፃነት ዘማሪዎች ቡድን መሥራቾች አንዷ የነበረችው በርኒስ ጆንሰን ሬገን ጉዳዩን የተረዳችው በተቃራኒው እንደነበር አስረዱን። በእርሷ አስተያየት «እኛ» የሚለው ቃል የተወደደው በነጮች በሚመራው የግራ ክንፍ ዘንድ ነበር፤ በጥቁሮች ዝማሬ ግን ማኅበሩ የሚገለጸው «እኔ» በሚለው ቃል ነው። «እኛ» ያለ ሰው ማን እንደሚመጣ አያውቅም፤ «እኔ» ያለ ሰው ግን ቢያንስ ራሱን ሰጥቷል፤ አንድ ሺህ ሰው «እኔ» ሲል ደግሞ አንድ ሺህ ሰው ቃል ገብቷል ማለት ነው።

ጸሐፊዋ አያይዘው፣ በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ እግዚአብሔር እረኛዬ ነው የሚለውን ጉባኤው በአንድ ድምፅ ሲያዜም ማንም ሰው መዝሙሩ የግል ነው ብሎ እንደማያስብ አነሡ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ዋናውን ጽሑፍ ላርመው ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን ስሕተቴ ካልታየ የእርሳቸው እርማት ትርጉም ስለሚያጣ እንዳለ ተውኩት።

ምላሽ 5 እና 6

ሁለት ተሳታፊዎች ስለዚሁ መዝሙር የባለቤትነት መብት ተወያዩ። አንደኛው የሕዝብ የሆነ መዝሙር ለብዙ ዓመታት በቅጂ መብት ተይዞ መቆየቱን በቁጭት ጻፉ፤ ሌላኛው ክርክሩ በ2018 በስምምነት ተቋጭቶ ግጥሙ የሁሉም እንዲሆን መደረጉን ነገሯቸው። ጉዳዩ ራሱን የቻለ ክር ስለሚገባው በዚሁ አለፍነው።

ምላሽ 7

ከዚህ በኋላ የውይይቱ ድምፅ ተለወጠ። ሰባተኛው ተሳታፊ እስካሁን የተጻፈውን ሁሉ የዋህነት አሉት። በ1807 በለንደን ታትሞ በምዕራብ ኢንዲስ ላሉ ባሪያዎች የተዘጋጀውን መጽሐፍ ቅዱስ አነሡ፤ ከብሉይ ኪዳን አብዛኛው፣ ከአዲስ ኪዳንም ግማሽ ያህሉ ተቆርጦ ወጥቷል። እስራኤል ከግብፅ የወጡበት ታሪክ የለበትም፤ ባሪያዎች ለጌቶቻቸው እንዲታዘዙ የሚያዝዘው ቃል ግን አለ። ሰንሰለቱን የሠራው እጅ መክፈቻውንም ሠራ ብሎ ማመስገን ለተበዳዩ ስድብ ነው የሚል ነበር ክርክራቸው።

ምላሽ 8

የስምንተኛው መልስ አጭርና ጠንካራ ነበር። ሃይማኖቱ በባሕርዩ የሚያደነዝዝ ቢሆን ኖሮ ጌቶቹ ኦሪት ዘጸአትን ለመቁረጥ ለምን ደከሙ? በማለት ጠየቁ። ሁለት ማስረጃዎችም አቀረቡ። በ1822 ከባርነት ነፃ የወጣው ዴንማርክ ቬሲ በቻርልስተን በአመፅ ሴራ ተከስሶ ሲሰቀል፣ አባል የነበረበት የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን አብሮ ፈርሷል። በ1831 በቨርጂኒያ የተነሣውን አመፅ የመራው ናት ተርነር ሰባኪ ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት ግዛቲቱ ጥቁሮች እንዳይሰብኩ በሕግ ከለከለች። ገዢዎቹ የፈሩትን ነገር እኛ ደካማ ነበር ማለታችን እንደማያስኬድ ነው የተከራከሩት። እኔም በዚህ ነጥብ ከእርሳቸው ጋር ነኝ፤ የመጽሐፉ መቆረጥ የሚመሰክረው የመቀሱን ጉልበት ሳይሆን የተቆረጠውን ገጽ ጉልበት ነው።

ምላሽ 9 እና 10

ዘጠነኛዋ ተሳታፊ ክርክሩን ወደ ሃያኛው መቶ ዓመት መለሱት። ጥቁሩ ቤተ ክርስቲያን በሙሉ እንደ አንድ ሰው የተነሣ አስመስለን መጻፋችንን ነቀፉ። የአሜሪካ ጥቁር ባፕቲስቶች ትልቁ ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆሴፍ ጃክሰን የሰልፍና የእምቢታ መንገድን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር፤ በዚህ ጠብ ምክንያት በ1961 ማርቲን ሉተር ኪንግና ደጋፊዎቹ ተለይተው በሲንሲናቲ የተመሠረተውን ሌላ ማኅበር ተቀላቀሉ። በ1963 ኪንግ ከበርሚንግሃም እስር ቤት የጻፈው ደብዳቤም ቢሆን መልስ የሰጠው ታገሡ ላሉት ስምንት ነጭ የሃይማኖት አባቶች ነው እንጂ ለፖሊስ አዛዡ አይደለም። ይህ እውነት ነው፤ እኔም በዋናው ጽሑፌ ልለው ይገባኝ ነበር።

አሥረኛው ተሳታፊ ግን ከዚህ ተነሥተው የሚያምን ሰው ሁሉ ፈሪ ነው ወደሚል ዘለፋ ሄዱ፤ አወያዩም በጨዋነት እንዲጽፉ አሳሰቧቸው። በበርሚንግሃም በ1963 ሴፕቴምበር 15 ቀን እሑድ ጠዋት አራት ልጃገረዶች በቦምብ የተገደሉት በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይህን ቃል አይጽፍም ብዬ አምናለሁ።

ምላሽ 11

አንድ አንጋፋ የመዘምራን አሠልጣኝ ቁጣው ሲበርድ ገቡ። ከሥራቸው ያዩትን ነበር የነገሩን። ብቻውን ሲቆም ጉሮሮው የሚዘጋበት ሰው ከሌሎች ጋር ሲዘምር ድምፁ ይወጣል፤ ሁሉም በአንድ ልክ ስለሚተነፍሱ የአንዱ መንቀጥቀጥ በሌላው ትንፋሽ ይደገፋል፤ በቅብብል ዜማ ደግሞ ቃሉን የማያውቀው እንግዳ እንኳ ከሁለተኛው ስንኝ ጀምሮ ተቀባይ ይሆናል። ይህንን ካስረዱ በኋላ በ1961 በሚሲሲፒ ፓርችማን እስር ቤት የታሰሩትን፣ በአውቶቡስ ጉዞ የዘር መለያየትን የተቃወሙትን የነፃነት ተጓዦች አስታወሱ። ጠባቂዎቹ መዝሙር ካላቆማችሁ ፍራሻችሁን እንወስዳለን ሲሏቸው፣ እስረኞቹ ፍራሹን ሰጥተው መዝሙሩን ቀጠሉ። ባዶ ብረት ላይ መተኛትን የሚያስመርጥ ነገር ማጀቢያ ሊባል እንደማይችል ነው ያሠመሩበት። ለጥያቄዬ ከተሰጡት መልሶች ሁሉ ከሥጋ ጋር የተያያዘው ይህ ነው፤ ሐሳብ ብቻውን ሰውን ከፖሊስ ውሻ ፊት አያቆመውም።

ምላሽ 12 እና 13

አሥራ ሁለተኛው ተሳታፊ ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች የሚለው የመዝሙር 68 ቃል ከአሜሪካ እስከ ደቡብ አፍሪካ ላሉ ጥቁሮች የተስፋ ምንጭ እንደነበር ጻፉ። በ1808 በኒው ዮርክ ነጮች በሚመሩት ቤተ ክርስቲያን ተለይተው መቀመጥን እምቢ ያሉ ጥቁሮች ለመሠረቱት ቤተ ክርስቲያን አቢሲኒያን የሚል ስም መስጠታቸውን፣ በ1920ም የማርከስ ጋርቬይ ንቅናቄ ኢትዮጵያን የአባቶች ምድር ብሎ የሚጠራ መዝሙር ብሔራዊ መዝሙሩ ማድረጉን ዘረዘሩ። በደቡብ አፍሪካም ማንጌና ሞኮኔ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የሚባለውን ያቋቋሙት በዐድዋ ድል ተነሣሥተው ነው አሉ።

አሥራ ሦስተኛዋ የመጨረሻውን ነጥብ አረሙ። ሞኮኔ ከሜቶዲስቶች ተለይተው ቤተ ክርስቲያኑን በፕሪቶሪያ የመሠረቱት በ1892 ስለሆነ ከዐድዋ በአራት ዓመት ይቀድማል፤ ድሉ ስሙን አገነነው እንጂ አልወለደውም። ጨምረውም በዕብራይስጡ ኩሽ የተባለው ሰፊ ምድር ኢትዮጵያ የተባለው በግሪኩ ትርጉም መሆኑን፣ ስለዚህም እነዚያ ምእመናን ስሙን ሲይዙ መላውን ጥቁር ሕዝብ ያስቡ እንደነበር አብራሩ። የስሙን ክብር ለራሳችን ብቻ አድርገን ማንበብ የለብንም ማለታቸው ነበር፤ ጥቂቶች ቅር ቢሰኙም ልክ ናቸው።

ምላሽ 14

ደቡብ አፍሪካ ከተነሣች ዘንድ፣ አሥራ አራተኛው ተሳታፊ አፓርታይድ ራሱ ሃይማኖታዊ አባቶች እንደነበሩት አስታወሱ። የደች ሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን በ1857 ሲኖዶሱ ነጭ ያልሆኑ ምእመናን ተለይተው እንዲያመልኩ ፈቀደ፤ የፈቀደውም የአንዳንዶችን ድካም ምክንያት በማድረግ ነው፤ ያ ፈቃድ ቆይቶ ሥርዓት ሆነ። በ1982 የዓለም ሪፎርምድ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት በኦታዋ ተሰብስቦ አፓርታይድን በሥነ መለኮት መደገፍ ኑፋቄ ነው ብሎ እስኪያውጅ 125 ዓመታት አለፉ። ያን ጉባኤ ለዚህ ያበቁት ደግሞ ከዚያው ቤተ ክርስቲያን ተገፍተው የወጡት ጥቁርና ክልስ ምእመናን ናቸው። ስሕተቱንም እርማቱንም ከአንድ መጽሐፍ አነበቡት የሚለው አስተያየታቸው፣ በሰባተኛውና በስምንተኛው መካከል የነበረውን ጠብ ለኔ የፈታው ነው።

ምላሽ 15

አሥራ አምስተኛው ተሳታፊ ሃይማኖት እያልኩ ስጽፍ ቤተ ክርስቲያንን ብቻ ማሰቤን በግልጽ ወቀሱኝ። በጃንዋሪ 1835 በብራዚል ሳልቫዶር ከተማ፣ በረመዳን መገባደጃ፣ የተነሡት ባሪያዎች መሪዎቻቸው ሙስሊሞች እንደነበሩ፣ ከተያዙትም ላይ በዐረብኛ የተጻፉ ክታቦች እንደተገኙ ጻፉ። በ1791 የሄይቲ አመፅ ዋዜማም የተነገረለት ስብሰባ ከአፍሪካ እምነቶች የመነጨው የቮዱ ሥርዓት ነበር፤ አመፁም በ1804 ነፃ አገር ወለደ። ወቀሳውን ተቀብያለሁ።

ምላሽ 16 እና 17

አሥራ ስድስተኛዋ ጥበብ የሚለው ቃል በርእሱ ሐሳብ ውስጥ ገብቶ ከመዝሙር በቀር ያነሣ ሰው እንደሌለ ታዘቡ። በ1939 ዘፋኟ ቢሊ ሆሊዴይ ጥቁሮች ያለ ፍርድ በመንጋ ስለ መሰቀላቸው የዘፈነችውን ዘፈን ጠቀሱ፤ ግጥሙን የጻፈው አይሁዳዊ መምህር ነው፤ የተዘፈነውም በምሽት ክበብ ውስጥ ነው፤ ውሉ የነበራት የሙዚቃ ኩባንያ ሊቀዳው አልፈለገም። በዚያ ዘፈን ውስጥ ተስፋ የለም፣ አምላክም አይጠራም፤ ነገር ግን ሰሚው ፊቱን የሚያዞርበት ቦታ አያገኝም። ጥበብ የሃይማኖት ሎሌ አይደለችም ሲሉም ጨከን ብለው ጽፈዋል።

አሥራ ሰባተኛው በበኩላቸው ጥበብ የትግሉ ሎሌ መሆን አለባት ወይ የሚለው ክርክር በጥቁሮቹ መካከል የቆየ መሆኑን አነሡ። በ1926 ጥቁሩ ምሁር ደብሊው ኢ ቢ ዱ ቦይስ ጥበብ ሁሉ ቅስቀሳ ነው፣ መሆንም አለበት ሲል፣ ወጣቱ ገጣሚ ላንግስተን ሂዩዝ ደግሞ በዚያው ዓመት ጥቁር አርቲስቶች ነጩም ጥቁሩም ወደዳቸው አልወደዳቸው ያለ ፍርሃት ራሳቸውን እንደሚገልጹ ጻፈ።

ምላሽ 18፣ 19 እና 20

አሥራ ስምንተኛው ተሳታፊ ከሂዩዝ ጎን ቆሙ። በ1989 የሕግ ባለሙያው አልቢ ሳክስ አፓርታይድን ይታገል ለነበረው ለአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ባቀረበው ጽሑፍ፣ ባህል የትግል መሣሪያ ነው የሚለውን አባባል አባላቱ ለአምስት ዓመት ያህል እንዳይናገሩት ቢከለከሉ ይሻላል ማለቱን ነገሩን፤ በጡጫና በጠመንጃ ብቻ የተሞላ ሥዕል ፍቅርንም ጥርጣሬንም ያስወጣልና።

አሥራ ዘጠነኛዋ ተቆጡ። ሠዓሊው ታሚ ምንዬሌ ፖስተሮችን ይሠራ የነበረው በቦትስዋና ዋና ከተማ በጋቦሮኔ በስደት ሳለ እንደነበር፣ የደቡብ አፍሪካ ጦር ጁን 14 ቀን 1985 ድንበር ጥሶ ከገደላቸው 12 ሰዎች አንዱም እርሱ እንደነበር ጻፉ። ሥዕል መሣሪያ አይደለም ብሎ በምቾት መጻፍ የሚቻለው ሌሎች ስለሞቱለት ነው የሚል ከባድ ቃል አከሉ። ሃያኛው ግን በእርጋታ አንድ ነገር ብቻ ነገሯቸው፤ ሳክስ ያን ጽሑፍ ከመጻፉ ከአንድ ዓመት በፊት በሞዛምቢክ ዋና ከተማ በማፑቶ መኪናው ላይ በተጠመደ ቦምብ አንድ ክንዱንና የአንድ ዓይኑን ብርሃን አጥቷል። አሥራ ዘጠነኛዋ ተመልሰው በሳክስ ላይ የጻፉትን አንሥተው፣ ስለ ምንዬሌ የጻፉትን ግን አጸኑ። ሁለቱም ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ምንዬሌ የሞተለት ነፃነት ሳክስ የጠየቀውን ጥርጣሬ ጭምር የሚያካትት ነው።

ምላሽ 21

አንዲት ተሳታፊ የዘረዘርናቸው ሰባኪዎች ሁሉ ወንዶች መሆናቸውን አሳዩን። ሮዛ ፓርክስ በአውቶቡስ ውስጥ መቀመጫዋን ለነጭ አልለቅም ብላ በተያዘችበት ሌሊት የሞንትጎመሪውን አድማ የሚጠሩትን በራሪ ወረቀቶች በአሥር ሺዎች ያባዙት ጆ አን ሮቢንሰን፣ ንቅናቄው በአንድ ታዋቂ ሰባኪ ላይ እንዳይንጠለጠል ያስጠነቀቁትም ኤላ ቤከር ነበሩ። አዳራሹ በሴቶች ተሞልቶ መድረኩ ለወንዶች የተተወበትን ሁኔታ ሳናነሣ ቤተ ክርስቲያኑን ማወደሳችንን አልተቀበሉትም።

ምላሽ 22

የአራተኛው ምላሽ ጸሐፊ በመጨረሻ ተመለሱ። ስለ ሴቶቹ የተባለውን ደግፈው፣ አስቀድመው የጠቀሷትን የሬገንን ታሪክ ቀጠሉልን። በ1961 በአልባኒ፣ ጆርጂያ፣ ከመጀመሪያው ሰልፍ በኋላ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያን ተሰብስቦ ሳለ፣ ያኔ ተማሪ የነበረችው ሬገን መዝሙር እንድታወጣ ተጠየቀች። ከልጅነቷ የምታውቀውን አንድ መዝሙር ጀመረች፤ ከራሴ በላይ በአየሩ ላይ መከራ አያለሁ የሚል ነው። መከራ የሚለው ቃል ጋ ስትደርስ ግን መከራ አልታያትም፤ በቃሉ ቦታ ነፃነት አለችበት፤ የተሰበሰበውም ሕዝብ እንዳወጣችው ተቀበላት። እነዚህ መዝሙሮች የራሴ ናቸው፣ ለሚያስፈልገኝ ነገር ልጠቀምባቸው እችላለሁ ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቀችው በዚያ ሰዓት እንደሆነ ኋላ ተናግራለች።